ቤቱ ሳይለቀቅ

አንድ የቆየ መሥሪያ ቤት «ሊታደስ ነው» የሚል ወሬ በተሰማ ዕለት በኮሪደሩ የሚናፈሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምኑ ነው የሚታደሰው?» አይደለም፤ «የት ልንሄድ ነው?» ነው። ጣራው ያፈስ እንደነበር፣ ወለሉ ይንቋቋ እንደነበር፣ ሶኬቱ ብልጭ ይል እንደነበር ያን ዕለት የሚያስታውስ የለም። ሠራተኛው በሐሳቡ ዕቃውን መሸከፍ ጀምሯል። አንዱ አዲሱ ቢሮ ከቤቱ በስንት ታክሲ እንደሚደረስ ያሰላል፤ ሌላው ሊፍት ይኖረው እንደሆነ ያጣራል፤ ሦስተኛው ገና ያላየውን ሕንፃ መስኮት ዳር ያለውን ቦታ ከወዲሁ ለራሱ ያጫል። መዝገብ ቤቱ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል፦ «ለእድሳት ሲባል ለጊዜው ተዛውረናል፤ ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን»። ወረቀቱን ፀሐይ ያገረጣዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ በመጨረሻ የሚነበበው «ለጊዜው» የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል። «ለጊዜው» ደግሞ በመሥሪያ ቤት አማርኛ ከ«ለዘላለም» ቀጥሎ ያለ ረጅም ጊዜ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የቆየ መሥሪያ ቤት መታደስ ያለበት ሰው እያለበት ነው። ሰው ካልወጣበት የማይታደስ ቤት የለም አልልም፤ አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን መልቀቅ የመጨረሻው አማራጭ መሆን ሲገባው የመጀመሪያው ሆኗል።

ችግር ሲመጣ ለቆ የመሄድ ልማዳችን የትናንት አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ሆኖ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ላንጋጠጠ ሰው ማስረጃው ፊት ለፊቱ ነው። የብዙዎቹ ቀደምት ነገሥታት መናገሻ የድንኳን ከተማ ነበር፤ እንጨቱ ተመንጥሮ፣ ግጦሹ ተሟጥጦ ሲያልቅ ድንኳኑ ተነቅሎ ይሄዳል። ዳግማዊ ምኒልክም እንጦጦ ላይ ከትመው፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ካበቁ በኋላ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወረዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አዲስ አበባ በተራዋ ማገዶ አጣችና በ1890ዎቹ መጀመሪያ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት መሠራት ጀመረ። «ለጊዜው ተዛውረናል» የሚለው ወረቀት በከተማ ደረጃ ሊለጠፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ከተማይቱን ካለችበት ካቆዩዋት ነገሮች ዋናው ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ተቆርጦ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እንጦጦን ለበሰ፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም የሚል ክስ አለበት፤ ክሱም ከንቱ አይደለም። ለኔ ክርክር ግን ምስክርነቱ ይበቃኛል፦ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ታላቅ እድሳት የተካሄደው ነዋሪው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ነው። የጎደለው ማገዶ ነበር፤ ማገዶ ተተከለ፤ ከተማው አልተነቀለም።

ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደን፣ ጉለሌ ከአራዳ በሚጎራበትበት ስድስት ኪሎ ስንደርስ ሁለተኛው ምስክር ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቀናል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በአንድ ዕድሜ ያስተናገደው የተከራይ ዓይነት ለአምስት ሕንፃ ይበቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሠርተው ብዙም ሳይቀመጡበት ጣሊያን መጣና የራሱን እንደራሴ አስገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በእንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት እዚያው ነው። ጣሊያን ሲወጣ ባለቤቱ ተመለሱ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ታግተው የተገደሉት በዚሁ ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሙዚየሙም ቤተ መጻሕፍቱም እዚያው ገቡ። የእልፍኝ ወለል ለግብዣና ለእጅ መንሻ እንጂ ለመጻሕፍት ክብደት አልተሠራም፤ ሆኖም ተሸከመ። የንጉሡ መኝታ ቤት ለጎብኚ ሲከፈት፣ በሌሎቹ ክፍሎች ጸሐፊ ጻፈ፣ ተመራማሪ አነበበ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ጣሊያን በሙሶሎኒ ዘመን ቁጥር ልክ ያቆመው፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚህ የተሻለ የእድሳት ትምህርት አላውቅም፤ ወጪው አንድ አንበሳ ነው።

ሰው ያለበት ቤት ለምን ይቆያል? ይህን ለመረዳት የአንዲትን ጠብታ ጉዞ መከተል በቂ ነው። የቆየ የአዲስ አበባ ቤት ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮውን የያዘው ምስማር ነው፤ ምስማሩ ከዘመን ብዛት ሲዝግ ቀዳዳው ይሰፋል። የሐምሌ ዝናብ በዚያች ቀዳዳ ይገባና በወራጁ ላይ ተንሸራቶ ኮርኒሱ ላይ ያርፋል። ኮርኒሱ በድሮው ወግ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ አቡጀዲ ከሆነ፣ በማግስቱ ጠዋት የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታክል ቡናማ ክብ ትታያለች። ከሥሯ የተቀመጠችው የሒሳብ ሠራተኛ ቀና ትልና «ይቺ ደግሞ መቼ መጣች?» ትላለች። በሳምንቱ ክቧ ሰሐን ታክላለች፤ ሠራተኛዋ ጠረጴዛዋን ግማሽ ሜትር ትገፋለች። በወሩ ትሪ ትሆናለች፤ ባልዲ ይመጣል። አሁን ጉዳዩ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ ደብዳቤው ምንም ባያመጣ እንኳ የሠራተኛዋ ምሬት በሻይ ሰዓት ከፎቅ ፎቅ ይዞራል፤ ጥበቃው ወይም ተላላኪው አንድ ቀን መሰላል ይዞ ይወጣና ቀዳዳዋን ሬንጅ ይለጥፍባታል። ባዶ ቤት ውስጥ ይህችው ጠብታ በዝምታ ትወርዳለች። ክቧን የሚያያት፣ ጠረጴዛ የሚገፋላት፣ የሚያማርርባት የለም። በሦስተኛው ክረምት ወራጁ ይበሰብሳል፣ በአምስተኛው ጣራው ይዘምማል፣ በስድስተኛው አንድ ኮሚቴ መጥቶ «ለሰው ሕይወት አስጊ ሆኗል» ብሎ ይፈርምበታል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ማማረር እንደ ሐሜት መታየቱ ስሕተት ነው፤ አሮጌ ሕንፃ ካለው የጥበቃ መሣሪያ ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ እሱ ነው።

«ይህ ለትንሽ ቤት ይሠራል፤ ትልቅ ሕንፃ ሰው እያለበት እንዴት ይነካል?» የሚል ይኖራል። ለእሱ የኒውዮርኩን ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ እጠራለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው ይህ ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሰፊው ሲታደስ ተከራዮቹ «የት እንሂድ?» አላሉም። ከሥራው ሁሉ የሚገርመው የመስኮቶቹ ነው። መስኮቶቹ 6,514 ነበሩ። ሌላ ቢሆን ሁሉንም ነቅሎ ጥሎ አዲስ ያዝዝ ነበር፤ እነሱ ግን አምስተኛው ፎቅ ላይ እዚያው ሕንፃው ውስጥ ወርክሾፕ ከፈቱ። መስኮቱ በተራ ይወርዳል፣ መስታወቱ ይጸዳል፣ በሁለቱ መስታወት መሐል ሙቀት የሚያግድ ስስ ሽፋን ይገባል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። የሕንፃው የኃይል ወጪ ከሦስት አንድ እጅ በላይ እንዲቀንስ የታቀደው የድሮውን መስኮት በመጠገን ጭምር ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሥራ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው እርምጃ የእንጨት መስኮቱን ነቅሎ አልሙኒየም ማስገባት፣ ሁለተኛው ደግሞ የተነቀለው ጥድ ወይም ወይራ የት እንደገባ አለመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «ሕንፃ ሲታደስ አቧራ አለ፣ የተላጠ ሽቦ አለ፣ የሚወድቅ ድንጋይ አለ፤ ሰው እያለበት ሥራ ማለት ሰው ላይ መሥራት ነው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ አንዳንድ ሕንፃም በፍጹም ሰው እያለበት አይነካም። በአሜሪካው ዋይት ሀውስ እ.ኤ.አ. በ1948 የፕሬዚዳንት ትሩማን ልጅ ፒያኖ እግር ወለሉን በስቶ ሲወርድ ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው እንግዳ ማረፊያ ተሻገሩ፣ የቤቱ ውስጡ እስከ ግድግዳው ተፈልፍሎ እንደገና በብረት ተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ተመለሱ። በኛም ከተማ አፍሪካ አዳራሽ አለ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ይህ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ለዓመታት ተዘግቶ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም አጥንቱ መጠናከር ነበረበት፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም መታደስ ነበረበት፤ በዚያ መሐል ስብሰባ አይካሄድም። በዚያው ዓመት ከፈንታሌና ከአዋሽ በኩል የመጣው የመሬት ንዝረት አዲስ አበባን ሌሊት ሌሊት ሲያነቃት ያየ ሰው ይህን ወጪ ብክነት አይለውም። ስለዚህ አጥንቱ የታመመ ሕንፃ ይለቀቅ፤ አልከራከርም። ግን ልብ በሉ፦ አፍሪካ አዳራሽ ሲዘጋ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠራተኞች አጠገቡ ባሉት ሕንፃዎች ሥራቸውን ቀጥለዋል። ባለጉዳዩም የሚያውቀው አድራሻ አልጠፋበትም። የሚመለሱበት ቀንም፣ የተመደበ ገንዘብም ነበራቸው። ቀንና ገንዘብ ሳይኖር መልቀቅ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የእንግሊዝን ፓርላማ ይመልከት፤ የሕዝብ ተወካዮቹ እ.ኤ.አ. በ2018 የፓርላማውን ሕንፃ ለቀው እንዲታደስ ድምፅ ሰጥተው፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት መቼ እንደሚለቁ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ተከራከሩ። እነሱም እንደኛ ናቸው ማለት ያጽናናል፤ ቧንቧ ግን አይጠግንም።

አጥንቱ ደህና በሆነ ሕንፃ ላይ ግን የአቧራውና የሽቦው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም ቀላል ሕግ ነው፦ ሥራ ያለበት ክፍል ሰው አይገባበትም፣ ሰው ያለበት ክፍል ሥራ አይገባበትም። አንድ ክንፍ ባዶ ይደረጋል፣ ይታሸጋል፣ ይሠራል፤ ሠራተኛው ወደታደሰው ይገባና የሚቀጥለው ክንፍ ይለቀቃል። ጩኸት ያለበት ሥራ ከ11 ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ይሆናል። ይህ የሚከብደው ለግንበኛው አይደለም፤ ለኃላፊዎቹ ነው፤ ሁለት ዳይሬክተሮች ለሦስት ወር አንድ ክፍል ይጋሩ ማለት ነውና። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከድንጋይ ግድግዳ ይልቅ የማይፈርስ ነገር ቢኖር «የኔ ቢሮ» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሕንፃ ባዶ የቀረው ምሰሶው ደክሞ ሳይሆን ሁለት ኃላፊዎች አንድ ኮት መስቀያ መጋራት ስላልቻሉ ይመስለኛል።

የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ከየት ይጀመር የሚለው ነው። እንደ ልማዱ እድሳት የሚጀመረው ከላይ ነው፤ ከላይ ማለቴ ከጣራው አይደለም፣ ከኃላፊው። መጀመሪያ የኃላፊው ቢሮ ጅብሰም ይሠራለታል፣ ከጅብሰሙ ጠርዝ ሰማያዊ መብራት ይወጣለታል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ከግድግዳው ጋር የሚመሳሰል መጋረጃ ይገዛል። ቀጥሎ እንግዳ መቀበያው ሴራሚክ ይለብሳል። በጀቱ በዚህ ያልቃል። ከጅብሰሙ በላይ ግን ያው የድሮ ሽቦ አለ፣ ልባሱ እንደ ደረቀ ቋንጣ የሚሰባበር፣ ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ እንዲሸከም የተዘረጋ። ከሥሩ ደግሞ የዛሬ ሰው ይኖራል። የአንዱን ክፍል ሶኬት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ፦ አንድ ማከፋፈያ ተሰክቷል፣ ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ፣ በዚያ ላይ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ሦስት የስልክ ቻርጀር፣ ከጠረጴዛው ሥር የእግር ማሞቂያ (የጉለሌን ጠዋት የሚያውቅ አይፈርድም)፣ ጥጉ ላይ ውሃ ማፍያ። ማከፋፈያውን በእጅ ብትነኩት ይሞቃል፤ አካባቢው ጠቁሯል፤ የጠቆረው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ከተማው ሁሉ አዝኖ ነበር። እሳት ከየትም ይምጣ፣ እንጨት በእንጨት የሆነ አሮጌ ቤት ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ ጣራ፣ አሸንዳ፣ ሽቦ፣ ቧንቧ፣ ሽንት ቤት። መጋረጃ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ከተረፈ። ይህ ቅደም ተከተል ደግሞ ሰው እያለበት ለመሥራት ምቹ ነው፤ ጣራና አሸንዳ ከውጭ ይሠራሉ፣ ሽቦ በየክፍሉ ይቀየራል፣ ሽንት ቤት በፎቅ በፎቅ ይታደሳል። ሰው ካልወጣ የማይሆነው የኃላፊው ምንጣፍ ብቻ ነው።

የቅርስ ወዳጆች ሌላ ስጋት አላቸው፤ ይህን ስጋት ከማንም በላይ አከብረዋለሁ። «መሥሪያ ቤት ሆኖ የቀጠለ ቅርስ ቅርስነቱ ይጠፋል፤ ዋይፋይ ይሰቀልበታል፣ ኬብል በተቀረጸ እንጨት ላይ በምስማር ይመታበታል፣ የካቢኔት ጀርባ ሥዕሉን ይፍቀዋል፤ ሙዚየም አድርጉትና ተዉት» ይላሉ። ያዩት እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ሕጉ ውስጥ አለ፤ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ያለ ቅርስ ጥበቃው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል። ችግሩ ሰው መኖሩ ሳይሆን ያ ሰው ምስማር ከመምታቱ በፊት ማንን መጠየቅ እንዳለበት አለማወቁ ነው። አሮጌውን ሁሉ ሙዚየም እናድርግ ቢባል ደግሞ አገሩ ያለው ጎብኚ አይበቃውም፤ ትኬት ቆራጩ ብቻውን ሕንፃ አያሞቅም። የሠሩት ሰዎችም እንደ ሐውልት አላሰቡትም። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ በጥርጣሬ ያዩዋቸውን ስልክና ኤሌክትሪክ ያስገቡት እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው፤ ለዛሬ ዋይፋይ ሰቃይ ከሳቸው የተሻለ ጠበቃ የለም። ታላቁ ቤተ መንግሥትም ቢሆን ከግብር አዳራሹ ጀምሮ ታድሶ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደ አንድነት ፓርክ ለሕዝብ ሲከፈት፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ከዚያው ግቢ አልወጣም። የመንግሥት ሥራና የቅርስ ጥገና በአንድ አጥር ውስጥ እንደሚቻሉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ከሠራተኛውም ከቅርሱም የሚበልጥ አንድ ወገን ግን በክርክሩ ውስጥ ድምፁ አይሰማም፤ ባለጉዳዩ። ከእንጦጦ ግርጌ ወይም ከአዲሱ ገበያ ማዶ የመጡ አንዲት እናት ለአንድ ማኅተም ሦስት ቀን ይመላለሳሉ። አንደኛው ቀን «ሲስተም የለም»፣ ሁለተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሦስተኛው «ፋይልዎ እየተፈለገ ነው» ነው። በዚህ ላይ ቢሮው ከተዛወረ አራተኛ ቀን ይጨመራል፤ አዲሱን ቦታ የመፈለጊያ ቀን። ፋይሉ በአይሱዙ ሲሄድ ከነበረበት ተራ ወጥቷልና አምስተኛ ቀንም አለ። መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ይኸው ሁሉ እንደገና ይደገማል። የመዛወርን ዋጋ የሚያሰሉ ሰዎች የኪራዩንና የአይሱዙን ይጽፋሉ፤ የእናትየዋን የታክሲ ገንዘብና የጠፋ የሥራ ቀን የሚጽፍ ሠንጠረዥ ግን አልተሠራም። ሰው እያለበት የሚታደስ ቤት ለሳቸው ሌላም ጥቅም አለው። ባለጉዳይ በየቀኑ የሚረግጠው ደረጃ ከፍታው፣ የመግቢያው ጠባብነት፣ የሽንት ቤቱ መቆለፍ በሥራው ወቅት በዓይን ይታያል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ የድሮ ሕንፃ ይህ የለውም፣ ሲሠራ አልታሰበበትምና። ተሽከርካሪ ወንበሩን ሁለት ወጣቶች ተሸክመው ሲወጡ በየሳምንቱ የሚያይ አናጺ መወጣጫውን በምን ያህል ስፋትና በየትኛው በር እንደሚሠራ ከማንም ፕላን በላይ ያውቃል። ባዶ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን መወጣጫውን በፕላኑ ላይ እንደተሳለው በጓሮ በኩል ይሠራዋል፤ የጓሮው በር ደግሞ ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል።

«ይህ ሁሉ ዋጋው ይበዛል፤ በተራ በተራ መሥራት ከአንድ ጊዜ ሥራ ይረዝማል» ይሉኛል። ይረዝማል፤ ኮንትራክተርም አይወደውም። ኮንትራክተር የሚወደው ቁልፉ ተረክቦ፣ ባዶ ግቢ ውስጥ አሸዋውን አፍስሶ፣ ማንም «ምን እየሠራህ ነው?» ሳይለው መሥራት ነው። ሥራው ሲረዝም ግን ለኪራይ የሚወጣው የለም፤ በየደረጃው የተሠራው በየደረጃው ይታያል። የመጀመሪያው ክንፍ ጣራው ካፈሰሰ ሁለተኛውን ክንፍ ሳይሰጡት ይጠየቃል። ባዶ ሕንፃ ሲሆን ጉድለቱ የሚታየው በምርቃቱ ማግስት ነው፤ ሪባኑ ተቆርጧል፣ ክፍያው አልቋል፣ ተቆጣጣሪው ሌላ ሳይት ሄዷል። ሰው ያለበት ቤት ላይ ደግሞ ተቆጣጣሪው አንድ አይደለም፤ ሁለት መቶ ሠራተኛና አንድ ሺህ ባለጉዳይ ነው። ከቧንቧው የሚፈሰውን ውሃ ቀለም እንኳ ሳይቀር ሪፖርት ያደርጋሉ።

የጉለሌ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል፤ ጎረቤቱ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ የሚሠራ ሸማኔ ድሩ ሲበጠስበት ሸማውን ከመሸመኛው አውርዶ እንደገና አይጀምርም። መወርወሪያውን ያስቀምጣል፣ የተበጠሰውን ጫፍ በጣቱ ፈልጎ ያገኛል፣ በአዲስ ክር ይቋጥረዋል፣ ቋጠሮውን በምራቁ ያለሰልሳል፣ ይቀጥላል። ሸማው ሲያልቅ ቋጠሮው የት እንደነበረ ባለቤቷ እንኳ አታውቀውም። አሮጌ ሕንፃዎቻችንን ለማደስ የሚጎድለን እጅ አይደለም። በየክፍሉ ያለው ሠራተኛ የትኛው ክር እንደተበጠሰ ሲነግረን መስማት ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋን የሚጠይቃት ግን የለም፤ የትኛው ቧንቧ በየስንት ቀኑ እንደሚዘጋ ከሷ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ አልተወለደም።

ስለዚህ የቆየ ሕንፃ የተረከባችሁ ኃላፊዎች፣ ኮሚቴው ሳይቋቋም፣ ጨረታው ሳይወጣ፣ መጋረጃው ሳይመረጥ አንድ ነገር አድርጉ። ሰኔ ሳይገባ አንድ ሰው መሰላል ይዞ ጣራ ላይ ይውጣና በአሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጎ ይውረድ። ለዚህ ሥራ ማንም ከቢሮው መውጣት አያስፈልገውም።